«መሜንቶ ሞሪ» የሐዘን ንግድ አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ እንግሊዙ ባንድ ስለ ዴፔሽ ሞድ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ማግኘት ብርቅ ነው። ስለዚህ በ2023 ስለወጣው አልበማቸው፣ ስለ «መሜንቶ ሞሪ»፣ ረዘም ያለ ሂስ ሳገኝ በጉጉት ነው ያነበብኩት። ጸሐፊው ሙዚቃ የሚያውቁ ሰው ናቸው። የሰማንያዎቹን ሲንት-ፖፕ፣ በሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ በሚፈጥር ኪቦርድ) የሚሠራውን ፖፕ ሙዚቃ፣ ከልባቸው እንደሚወዱ ጽሑፋቸው ያስታውቃል። ፍርዳቸውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አልበሙን እወደዋለሁ። የተፈረደበትም ያለ አግባብ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። ሲንት-ፖፕ የወጣት ሙዚቃ ስለሆነ ስድሳ ዓመት የሞላቸው ሰዎች በጊዜ ማቆም ነበረባቸው። አልበሙ የሟች ጓደኛቸውን ሐዘን ለገበያ አቅርቧል። ሙዚቃው ጨለማ ነው፤ አንድ የሚያስጨፍር ዘፈን እንኳ የለውም። ዋናው ደራሲ ማርቲን ጎር ከሌላ ባንድ ሰው ጠርቶ አብሮ መጻፉ ሐሳብ እንዳለቀበት ያሳያል። የድምፃዊው የዴቭ ጋሃን ድምፅ ደክሟል። ሰው ኮንሰርታቸው የሚሄደውም ለድሮዎቹ ዘፈኖች ነው።

ከሁሉም የከበደኝ የሞቱ ነገር ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

የባንዱ መሥራች አባል አንዲ ፍሌቸር፣ አድናቂዎቹ ፍሌች የሚሉት፣ ሜይ 26 ቀን 2022 በ60 ዓመቱ ሞተ። ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ተሰንጥቆ ነው። አልበሙ ማርች 24 ቀን 2023 ወጣ። በመካከሉ ያለው አሥር ወር ነው። የአልበሙ ስም ደግሞ የላቲን አባባል ነው፤ ሟች መሆንህን አስታውስ ይላል። ጸሐፊው እነዚህን ሦስት ነገሮች ጎን ለጎን ያስቀምጡና ጓደኛ ሲሞት አልበም ተሠራበት የሚል ድምዳሜ ላይ ይደርሳሉ።

ቅደም ተከተሉ ግን ሌላ ነው። ዘፈኖቹ መጻፍ የጀመሩት በኮሮና ዘመን ነው። ጎርና ጋሃን ኦክቶበር 2022 በርሊን ላይ አልበሙን ሲያስታውቁ ይህንኑ ተናግረዋል። ሐሳቡ የመጣው ከወረርሽኙ ጊዜ ነው፤ ፍሌች ከሞተ በኋላ ደግሞ ሌላ ትርጉም ተጨመረበት አሉ። እሱ ሲሞት ወደ ስቱዲዮ ለመግባት ሳምንታት ነበር የቀሩት። ዘፈኖቹ መጻፍ ሲጀምሩ የዓለም ሕዝብ ሁሉ በየማታው የሟቾችን ቁጥር በቴሌቪዥን እየሰማ ነበር። ስድሳኛ ዓመቱን የደፈነ የዘፈን ደራሲ ቤቱ ተዘግቶ ተቀምጦ ስለ ሞት ባይጽፍ ነበር የሚገርመኝ።

«ጎስትስ አጌን» የሚለውን ዘፈን እንውሰድ። ከአልበሙ አስቀድሞ በፌብሩዋሪ 2023 የተለቀቀው እሱ ነው። ሰው ሁሉ ለፍሌቸር የተጻፈ ሙሾ አድርጎ ሰማው። ይህ ግን ከሐዘናችን አንጻር የሰማነው እንጂ ዘፈኑ ሲጻፍ የነበረው ሐሳብ አይደለም። ጊዜ እንደሚያልፍ፣ ሁሉም እንደሚሰናበት፣ እኛም ነገ መንፈስ እንደምንሆን ይናገራል። የሚናገረው ደግሞ ወደ ፊት በሚራመድ፣ ብርሃን ባለው ዜማ ነው። ጊታሩ ቀላል ነው። ከበሮው አይቆዝምም። ከ1986 ጀምሮ አብሯቸው የሠራው አንቶን ኮርባይን በሠራው ቪዲዮ ላይ ሁለቱ ሰዎች ሕንፃ አናት ላይ ተቀምጠው ቼዝ ይጫወታሉ። ምስሉ ከኢንግማር በርግማን ፊልም የመጣ ነው፤ እዚያ ፈረሰኛው የሚጫወተው ከሞት ጋር ነው። ሐዘን መሸጥ የፈለገ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም። የሟቹን ፎቶ ያበዛል፣ ስሙን በዘፈን ውስጥ ይጠራል፣ የድሮ ቅጂ ፈልጎ ድምፁን ያስገባል። በአልበሙ ውስጥ የፍሌቸርን ስም የያዘ አንድም ዘፈን የለም።

እኛ የአማርኛ አድማጮች ደግሞ በዚህ ጉዳይ ከሌላው ቀድመን ሊገባን ይገባ ነበር። በሁዳዴ በገና እየሰማ ያደገ ሰው ዓለም አላፊ መሆኗን፣ ሰው ወደ አፈር ተመላሽ መሆኑን ዝቅ ባለ ድምፅ ሲነገረው ነው የኖረው። ደርዳሪውን ሞትን ነገድክበት ያለው የለም። ሞትን በዜማ ማሰብ ያረጀ፣ የተከበረ ሥራ ነው። ጎር ራሱ የሚዘፍነውን «ሶል ዊዝ ሚ» በዚህ ጆሮ ስሙልኝ። የሚሄድ ሰው ነፍሱን ይዞ በሰላም ሲሄድ ነው የሚዘፈነው። ለቅሶ የለበትም። ከፍ እያለ የሚሄድ፣ ሊመሰገን የሚገባው ዜማ ነው። በአርባ ዓመት ውስጥ ከጎር አንደበት ከወጡ ዝግተኛ ዘፈኖች ሁሉ ከምወዳቸው አንዱ ሆኗል።

ጸሐፊው በአንድ በኩል ሐዘኑ ተሸጠ እያሉ በሌላ በኩል ፍሌቸር ለባንዱ ምንም አይሠራም ነበር ይላሉ። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ፍሌቸር ራሱ በ1989 በወጣው ዘጋቢ ፊልማቸው ላይ የእያንዳንዱን ሥራ ሲዘረዝር ለራሱ የቀለደበት ንግግር አለ። ጸሐፊው ያንን ቀልድ እንደ ማስረጃ ወስደውታል። እውነቱ ግን ፍሌቸር ከጎር ጋር በባዝልደን አብሮ የተማረ ሰው ነው። ባንዱ በ1980 ሲመሠረት ነበር፤ እስከ ዕለተ ሞቱም አልተለየም። ዘፈን አልጻፈም፣ እውነት ነው። በጎርና በጋሃን መካከል የቆመው ሰው ግን እሱ ነበር። እሱ ካለፈ በኋላ ሁለቱ ቀጥታ መነጋገር ግድ እንደሆነባቸው፣ በዚያም ምክንያት እንደተቀራረቡ በቃለ መጠይቆች ላይ ተናግረዋል። ይህን አልበሙ ላይ እሰማዋለሁ። «ዋጊንግ ታንግ»ን ሁለቱ አብረው ነው የጻፉት። በአርባ ዓመት ታሪካቸው ይህ በጣት የሚቆጠር ነገር ነው።

ወደ ዕድሜው ልሂድ። ሲንት-ፖፕ የወጣት ነው የሚለው ነገር ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ባዝልደን ከለንደን ወጣ ብላ በኤሴክስ የምትገኝ፣ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራች አዲስ ከተማ ናት። እዚያ የሃያ ዓመት ገደማ ልጆች ሙሉ ባንድና ትልቅ ስቱዲዮ ሳያስፈልጋቸው በትናንሽ ሲንተሳይዘሮች ሙዚቃ መሥራት ጀመሩ። ያ ሙዚቃ ያን ጊዜ የወጣት ነበር። መሣሪያው ግን ዕድሜ የለውም። ጎር በ2012፣ በሃምሳ ዓመቱ፣ ባንዱን አብሮት ከመሠረተው ከቪንስ ክላርክ ጋር ሙሉ የቴክኖ አልበም ሠርቷል። በ2015 ደግሞ ብቻውን ቃል የሌለው የሲንተሳይዘር አልበም አወጣ። በ«መሜንቶ ሞሪ» ላይ የምንሰማው ያ ሁሉ ዓመት እጁን ከመሣሪያው ያላነሳ ሰው ሥራ ነው።

የኛም ሰው ምሳሌ አለ። ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ በኋላ ዋሽንግተን ቀርቶ ለዓመታት ታክሲ ሲነዳ ኖረ። በ1985 ለብቻው የቀዳው ካሴት የአኮርዲዮንና የሲንተሳይዘር ሥራ ነው። በ2018 «ላላ በሉ»ን ሲያወጣ ዕድሜው ሰባ አልፎ ነበር። አልበሙን የሰማ ሰው ኪቦርድ የጎረምሳ ዕቃ ነው አይልም። በጣቱ ውስጥ ያለው ዕርጋታ በሃያ ዓመት የሚገኝ አይደለም።

ደግሞም የዴፔሽ ሞድ ዘፈኖች ከመጀመሪያው ጀምሮ ከሽማግሌ ድምፅ ጋር ተጣልተው አያውቁም። አሜሪካዊው ዘፋኝ ጆኒ ካሽ ዘፈናቸውን «ፐርሰናል ጂሰስ»ን በ2002 በጊታር ሲቀዳው የ70 ዓመት ሰው ነበር። ዘፈኑ አልፈረሰም፤ እንዲያውም ሌላ ክብደት አገኘ። «ኢንጆይ ዘ ሳይለንስ» መጀመሪያ ጎር በሃርሞኒየም የሠራው ዝግ ያለ ዘፈን ነበር። የያኔው የባንዱ አባል አላን ዋይልደር ነው ፍጥነት ይጨመርበት ብሎ ዓለም የሚያውቀውን መልክ እንዲይዝ ያደረገው። ከማሽኑ ሥር የቆመው ግጥምና ዜማ ነው። ዜማ ካለ ደግሞ ዕድሜ ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም።

የጨለማውና የጭፈራው ክስ ላይ ሲደርስ ደግሞ ጽሑፉ ጨርሶ መንገድ ስቷል። ጸሐፊው ደጋግመው የሚያነጻጽሩት ከመጀመሪያው ዘመን ዘፈናቸው ከ«ጀስት ካንት ጌት ኢናፍ» ጋር ነው። የዚያ ደስታ የት ገባ ይላሉ። ያንን ዘፈን የጻፈው ቪንስ ክላርክ ነው። ክላርክ ባንዱን የለቀቀው በ1981 መጨረሻ፣ የመጀመሪያው አልበም እንደወጣ ነው። ከዚያ በኋላ ከአሊሰን ሞዬት ጋር «ያዙ» የተባለውን፣ ከአንዲ ቤል ጋር ደግሞ «ኢሬዠር» የተባለውን ባንድ መሠረተ። የሚፈልጉት ደስታ አብሮት ሄዷል። ከአርባ ዓመት በኋላ ከዴፔሽ ሞድ እሱን መጠበቅ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ጎር የጻፈው ዴፔሽ ሞድ ጨለማ የሆነው ስላረጀ አይደለም። በ1983 የግንባታ ቦታ እየዞሩ የብረትና የቆርቆሮ ድምፅ ይቀዱ ነበር። ከዚያ በርሊን፣ ሃንዛ ስቱዲዮ ገቡ። በ1986 «ብላክ ሰለብሬሽን» ሲወጣ ጎር 24 ዓመቱ ነበር። ያ አልበም ከ«መሜንቶ ሞሪ» በጣም የጠቆረ ነው። ልዩነቱን እንዲህ እሰማዋለሁ፦ የ24 ዓመቱ ልጅ ጨለማውን ይወደዋል፣ ይለብሰዋል። የ61 ዓመቱ ሰው ግን በውስጡ አልፎ የመጣ ነው፤ ሊያስፈራን አይሞክርም። ለኔ የዚህ አልበም ብስለት ያ ነው።

ድምፁ ቀዝቃዛና አሮጌ ነው ለሚለውም መልስ አለኝ። ፕሮዲውሰሩ ጄምስ ፎርድ ነው። በ2017ቱ አልበማቸው በ«ስፒሪት» ላይም የሠራው እሱ ነበር። አሁን ማርታ ሳሎኚ ተጨምራለች፤ በማግኔት ቴፕ ድምፅን እየደጋገመችና እያበላሸች በመሥራት የታወቀች ባለሙያ ናት። በመክፈቻው «ማይ ኮስሞስ ኢዝ ማይን» ላይ የሚንኮሻኮሸውን ድምፅ በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ከበሮው ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። በላዩ ላይ ጋሃን በዓለሜ አትጫወቱብኝ፣ አእምሮዬን ተዉልኝ እያለ ይለምናል፣ ያስጠነቅቃል። መሃል ላይ ጦርነት ይቅር፣ ከንቱ ሞት ይቅር የሚል የልመና ዝርዝር አለ። ይህን የሚዘፍን ሰው ቀዝቃዛ ሊባል አይችልም።

«ፒፕል አር ጉድ» ላይ ደግሞ የድሮውን ማስታወሱ እውነት ነው። የጀርመኑ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ባንድ የክራፍትወርክ ጥላ ይታይበታል። ግን ለምን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። በ1984 በ«ፒፕል አር ፒፕል» ሰው ሰውን ለምን እንደሚጠላ የጠየቀው ይኸው ጎር ነው። ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ነበር፤ ጎር ራሱም ዘፈኑን ብዙም እንደማይወደው ይታወቃል። ከ39 ዓመት በኋላ ወደዚያው ጥያቄ ተመልሶ ሰው ጥሩ ነው፣ ሰው ጥሩ ነው እያለ ራሱን ለማሳመን ሲታገል እንሰማዋለን። ማመን እንዳቃተው ያስታውቃል። ለወጣትነት ዘፈኑ በጉልምስናው መልስ ሰጠ። ይህንን ድግግሞሽ ብሎ ማለፍ ጥሩ ንባብ አይደለም።

ጎር ከሌላ ባንድ የጠራውን ሰው፣ የሪቻርድ በትለርን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ሳይኬደሊክ ፈርስ የተባለ ባንድ ድምፃዊ ነው፤ ከ12ቱ ዘፈኖች በአራቱ ላይ ከጎር ጋር ጽፏል። «ጎስትስ አጌን» አንዱ ነው። ክላርክ ከሄደ ወዲህ ጎር ከሞላ ጎደል ብቻውን ሲጽፍ ነው የኖረው። ጋሃን እንኳ የራሱን ዘፈን አልበም ላይ ማስገባት የቻለው በ2005 ነው። እንዲህ የኖረ ሰው ስድሳ ዓመት ሲሞላው በሩን ከፍቶ ሌላ ገጣሚ ካስገባ፣ ይህን ድካም ማለት ይከብደኛል። ውጤቱም ምስክር ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። «ካሮላይንስ መንኪ» ደካማ ነው። በትለር ከጻፈባቸው አራቱ አንዱ እሱም ነው። ስለ ሱስ የሚናገርበት ምስል ብዙ ሰው የተጠቀመበት ነው፤ ዜማውም ቦታው ላይ ይረግጣል። አሥራ ሁለት ዘፈን፣ ሃምሳ ደቂቃ ገደማ በሆነ አልበም ውስጥ እሱ ቢቀር ምንም አይጎድልም ነበር። ይህ ግን የአንድ ዘፈን ጥፋት ነው።

የጋሃን ድምፅ ደክሟል ስለሚለው ምን ልበል። ከ2012 እስከ 2021 ሶልሴቨርስ ከተባለ ሌላ ቡድን ጋር ሦስት አልበም ሠርቷል፤ የመጨረሻው ሙሉ በሙሉ የሌሎች ሰዎች ዘፈኖች ነው። በእነዚያ ሥራዎች መጮህ ትቶ ቃሉን ማስቀመጥ ተማረ። «ዶንት ሴይ ዩ ላቭ ሚ» ላይ ያንን ትምህርት ትሰማላችሁ። ድምፁ ወፍሯል፣ ጫፉ ሻከር ብሏል። ጸሐፊው ድካም ያሉት ይህንን መሰለኝ። እኔ ግን እያንዳንዱን ቃል አምኜው ነው የምሰማው።

ኮንሰርቱን በተመለከተ ጸሐፊው የዝግጅቱን ዝርዝር ያዩ አይመስለኝም። ጉዞው ማርች 23 ቀን 2023፣ አልበሙ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ ላይ ተጀመረ። ኤፕሪል 8 ቀን 2024 ጀርመን ኮሎኝ ላይ አበቃ። መክፈቻው ምን ነበር? «ማይ ኮስሞስ ኢዝ ማይን»። ቀጥሎ «ዋጊንግ ታንግ»። ስታዲየም ሞልቶ የድሮ ዘፈን በሚጠብቅ ሕዝብ ፊት በጣም ዝግ ባለውና በጣም ከባዱ አዲስ ዘፈን መጀመር ድፍረት ነው። በአልበማቸው ያላመኑ ሰዎች አያደርጉትም። የድሮዎቹም በእርግጥ ነበሩ፤ መኖርም አለባቸው። ለፍሌቸር የተሰጠው መታሰቢያ ራሱ በድሮ ዘፈን ነበር። «ዎርልድ ኢን ማይ አይስ»ን ሲጫወቱ ፎቶው ከኋላቸው ይታይ ነበር። ሐዘናቸውን ያኖሩት እዚያ ነው።

በመጨረሻ፣ ጽሑፉ ውስጥ አንድም ቃል ያልተባለለትን ነገር ላንሳ። አልበሙ የሚዘጋው በ«ስፒክ ቱ ሚ» ነው። ጋሃን ከሌሎች ጋር ሆኖ የጻፈው ዘፈን ነው። ታሪኩ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ከወደቀ ሰው ይጀምራል። የጋሃንን ሕይወት ለሚያውቅ ይህ ተራ ምስል አይደለም። ሜይ 1996 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከመጠን ያለፈ አደንዛዥ ዕፅ ወስዶ ልቡ ለሁለት ደቂቃ ያህል ቆሞ ነበር። በ2009 ደግሞ ጉዞ ላይ እያለ ከፊኛው ዕጢ ወጣለት። ሁለት ጊዜ ከሞት ጋር የተያየ ሰው፣ ጓደኛውን ከቀበረ በኋላ፣ አናግሩኝ፣ በሚገባኝ ቋንቋ አናግሩኝ፣ እከተላለሁ ይላል። መጀመሪያ ኦርጋን የመሰለ ስስ ድምፅ ብቻ አለ። ቀስ እያለ ያድጋል። መጨረሻ ላይ ሲንተሳይዘሮቹ ድምፁን እስኪውጡት ድረስ ያብጣሉ።

ማሽን ልብ የለውም፣ ሽማግሌ የሚለው የለውም፣ ሐዘን ተሸጠ ለሚሉ ሁሉ ይህ ዘፈን አለ። ጸሐፊውን በአክብሮት የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ ስለ አልበሙ ያን ያህል ገጽ ሲጽፉ ይህንን ለምን ዘለሉት? ሌላ ጽሑፍ ከጻፉ ከዚህ ይጀምሩልኝ፤ አነበዋለሁ።